ዶሮዎቹን የገደለው ብርድ አይደለም

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ነገር የሚያስቀይመው ሰው አይጠፋም። ቅያሜውን እቀበላለሁ። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ዶሮ ያለው ሰው ግን እስከ መጨረሻው ያንብብልኝ። ዶሮ የሌለውም እናቱ ወይ እህቱ ትኖራታለችና ያንብብላት።

ነገሩ የተነሳው ከጎረቤቴ ግቢ ነው። ሰኔ እንደገባ አንድ ማለዳ በአጥር በኩል ጠራችኝ። "ጋሼ፣ ዶሮዎቼን ብርድ መታብኝ፤ እስቲ አንድ ጊዜ ይዩልኝ" አለች። ገብቼ አየሁ። 23 ከነበሩት 11 ሞተዋል፤ በማዳበሪያ ተጠቅልለው ከአጥሩ ሥር ተቀምጠዋል። ከቀሩት ገሚሶቹ አንገታቸውን ዘርግተው፣ አፋቸውን ከፍተው ነው የሚተነፍሱት። አንዲት ቄብ አንገቷ ወደ ኋላ ተጠማዝዞ ባለችበት ትዞራለች። ኩሳቸው እንደ ጎመን አረንጓዴ ነው። የሚጠጡት ውሃ ደግሞ ቢጫ። "ይሄ ምንድን ነው?" አልኳት። "ቴትራ ነዋ! ሦስት ፍሬ ፈትቼ ጨመርኩበት" አለችኝ።

በአራተኛው ቀን የቀሯት አራት ዶሮዎች ናቸው። ለእንቁጣጣሽ ገበያ አውጥታ የሦስት ልጆቿን ደብተርና ዩኒፎርም ልትገዛባቸው ነበር። አሁን መስከረም ሲጠባ ከማን እንደምትበደር ታስባለች።

አዘንኩ። ከሐዘኔ በላይ ግን ተናደድኩ። በእሷ አይደለም። እሷ ያደረገችው እኛ የነገርናትን ነው። "ብርድ ነው" ያልናት እኛ ነን። "ቴትራ ስጫቸው" ያላት የተማረ ሰው ነው። ክትባቱን በጊዜው ያላደረስንላትም እኛው ነን።

ስለዚህ ነገሩን ሳላድበሰብስ ልናገር። ዶሮዎቹን የገደለው ብርድ አይደለም። ፈንግል ነው። ፈንግልን ከቤት ወደ ቤት የምናዞረው ደግሞ እኛ ራሳችን ነን። የካፕሱሉ ሕክምናም ራስን ማታለል ነው፤ ከዚያም አልፎ ጉዳት ነው።

እስቲ ከብርዱ ልጀምር። የአበሻ ዶሮ የቢቸናን ብርድ አዲስ አይደለችም። ላባዋ ጋቢዋ ነው። በታኅሣሥ ውርጭ ውጭ ዛፍ ላይ አድራ ጠዋት ስትጭር የምናያት ዶሮ በሰኔ ካፊያ የምትሞትበት ምክንያት የለም። ታዲያ በሰኔ ምን ይለወጣል? የምንለወጠው እኛ ነን። ዝናብ መጣ ብለን የዶሮዋን ቤት ቀዳዳ በሙሉ በላስቲክና በጭቃ እንደፍናለን። ከሥር የተነጠፈው ጭድ ይረጥባል። ኩሱ ከርጥበቱ ጋር ይቦካል። ከዚያ የሚወጣው ሽታ አሞኒያ ይባላል። ማለዳ በሩን ስትከፍቱ ዐይናችሁን ካቃጠላችሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያንን የተነፈሰችውን ዶሮ አስቧት። በአየር ቧንቧዋ ውስጥ ቆሻሻና ጀርም እየጠረጉ የሚያስወጡ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉ። አሞኒያ እነዚያን ያሽመደምዳቸዋል። በሩ ከተሰበረ ሌባ መግባቱ አይቀርም።

ስለዚህ ከብርድ እናድናት ብለን የምናደርገው ነገር ለበሽታ ያዘጋጃታል ማለት ነው። ዶሮ የምትፈልገው ደረቅ ወለልና ንጹሕ አየር ነው። ነፋሱ እላይዋ ላይ እንዳይነፍስ ቆጧን በጭቃ ግድግዳ መከለል ጥሩ ነው። ከጣሪያው ሥር፣ ከራሷ በላይ ግን ክፍት ቦታ ይኑር፤ ክፉው አየር በዚያ ይውጣ። ይሄ ገንዘብ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ፈንግል ልምጣ። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ይፈነግላል፣ ይዘርራል። በውጭው ስሙ ኒውካስል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1926 በኢንዶኔዥያ ጃቫ ደሴትና በእንግሊዝ ኒውካስል ከተማ አካባቢ ተለይቶ ታወቀና በከተማዋ ተጠራ። ቫይረስ ነው። ከባዱ ዓይነት ክትባት ያልነካው መንጋ ውስጥ ከገባ አንዳንዴ አንድም አያስተርፍም። መጀመሪያ ትንፋሿን ያስቸግራታል፣ ያስላታል፤ ቀጥሎ አረንጓዴ ተቅማጥ፣ ከዚያ የክንፍና የእግር መዛል፣ የአንገት መጠማዘዝ። አንዳንዷ ምንም ምልክት ሳታሳይ ጠዋት ከቆጥ ሥር ወድቃ ትገኛለች። ጎረቤቴ ቤት ያየሁት ይሄንኑ ነው።

ቫይረስ መሆኑን የማሰምርበት ምክንያት አለኝ። ቴትራሳይክሊን ባክቴሪያን ነው የሚይዘው። ቫይረስ ላይ አይሠራም። ሦስት ፍሬ ብትጨምሩም፣ ሠላሳ ፍሬ ብትጨምሩም አይሠራም።

"ጋሼ፣ እኔ ግን ሰጥቼ ድኖልኛል" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እሺ፣ ውሸት ነው አልልም። ግን የዳነው ምን እንደሆነ እንመርምር። ዶሮን የሚያስላት ፈንግል ብቻ አይደለም። ማይኮፕላዝማ የሚባል ጀርም አለ። ቀስ ብሎ ነው የሚመጣ። ማታ ከቆጡ አጠገብ ጸጥ ብላችሁ ብታዳምጡ ጉሮሯቸው ሲያንኮራፋ ትሰማላችሁ። እንቁላል ይቀንሳል፣ ሥጋ ይቀንሳል፣ የሚሞተው ግን ጥቂት ነው። ኮራይዛ የሚባል ደግሞ አለ። ፊቷ ያብጣል፣ ዐይኗ ይደፈናል፣ ካፍንጫዋ የሚወጣው ፈሳሽ ይገማል። እነዚህ ባክቴሪያ ናቸው፤ ተገቢው መድኃኒት በተገቢው መጠን ሲሰጥ ይለዝባሉ። ልብ በሉ፣ ይለዝባሉ ነው ያልኩት። ዶሮዋ የዳነች ትመስላለች፤ ጀርሙ ግን ውስጧ ይቀራል። ከስድስት ወር በኋላ አዲስ ቄብ ስትገዙ በሽታውን የምታስተላልፈው ያቺው "የዳነች" ዶሮ ናት።

በፈንግል ጊዜም ቢሆን ከሃያው ሦስት አራቱ በራሳቸው ጉልበት ይተርፋሉ። በዚያ ሰሞን ቴትራ የሰጠ ሰው "ቴትራ አዳነልኝ" ይላል። አረቄ ያጠጣው "አረቄ ነው" ይላል። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት የሰጠውም እንዲሁ። የሞቱትን 16ቱን ማንም አይቆጥራቸውም። ዳኝነት እንዲህ ከሆነማ ምንም ያልሰጠው ሰውም "ዝም ማለት አዳነልኝ" ማለት ይችላል።

ሌላው ደግሞ አሞክሳሲሊን ነው። ቴትራ እንቢ ሲል ወደሱ ይኬዳል። አሞክሳሲሊንና ፔኒሲሊን የሚያጠቁት የባክቴሪያውን የውጭ ግድግዳ ነው። ማይኮፕላዝማ ግድግዳ የሚባል ነገር የለውም። በሌለ ግድግዳ ላይ ድንጋይ መወርወር ማለት ነው። ይሄን ክፍል ውስጥ አስተምሬያችኋለሁ፤ ፈተና ላይም መጥቷል። አንዳንዶቻችሁ በትክክል መልሳችሁት ነበር። ታዲያ ዛሬ ፋርማሲያችሁ ውስጥ ቆማችሁ ለዶሮ ሳል አሞክሳሲሊን ስትሸጡ የምትረሱት ምን ነክቷችሁ ነው?

የካፕሱሉ ልማድ ዶሮ ላይ ብቻ አልቆመም። ከተማ ሄዶ ጥንቸል ማርባት የጀመረ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አለ። ጥንቸል በእኛ ቤት ማዕድ ላይ የምትቀርብ አይደለችም፤ እሱ ግን ገዢ አግኝቶላታል፣ ይቅናው። ጥንቸሎቹ ማስነጠስ ጀመሩ፤ አፍንጫቸው ይዝረከረካል፣ በፊት እግራቸው ስለሚጠርጉት እግራቸው ረጥቦ ይደርቃል። ይሄ በአብዛኛው ፓስቱሬላ የሚባለው ባክቴሪያ ሥራ ነው፤ የዚሁ ወገን ጀርም ነው በዶሮ ላይ የወፍ ኮሌራን የሚያመጣ፤ ስሙም የተወሰደው በሽታውን ካጠናው ከሉዊ ፓስተር ነው። ልጁ የሰው አሞክሳሲሊን በአፋቸው ሰጣቸው። በሦስተኛው ቀን በተቅማጥ ማለቅ ጀመሩ። ጥንቸል ሣርን የምትፈጨው ሆዷ ውስጥ ባሉ ደግ ባክቴሪያዎች ነው። አሞክሳሲሊን በአፍ ሲሰጣት እነሱን ይጨርስና ክፉዎቹ ይነግሣሉ። የገደላቸው ማስነጠሱ አይደለም፤ መድኃኒቱ ነው። ከሁሉ የባሰው ደግሞ የምታስነጥሰዋን እናት ጥንቸል "ጥሩ ወላድ ናት" ብሎ ደጋግሞ አስጠቅቷት ነበር። ግልገሎቹ በሽታውን ገና በጎጇቸው ሳሉ ከእናታቸው ወረሱት።

እዚህ ላይ ለሚያረቡ ሁሉ አንድ ቃል፦ የምታስል እናት አታራቡ። ማይኮፕላዝማ በእንቁላል ውስጥ ወደ ጫጩት ይተላለፋል። የምታንኮራፋ ዶሮ እንቁላል ስታስታቅፉ በሽታውንም አብራችሁ እያስታቀፋችሁ ነው።

ካፕሱሉ ሰውንም ይነካል። መድኃኒት የጠጣች ዶሮ እንቁላሏ ውስጥ መድኃኒቱ ይገባል። ያንን እንቁላል የምንሰጠው ለማን ነው? ለሕፃን ነው፣ ለአራስ ነው። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 ኖቤል ሲቀበል ባደረገው ንግግር ከመጠኑ ያነሰ መድኃኒት ጀርሙን ሳይገድል እንደሚያለማምደው አስጠንቅቆ ነበር። እኛ በአንድ ጆግ ውሃ ላይ በግምት ፈትተን የምናደርገው በትክክል እሱን ነው። ነገ ልጃችሁ ሲታመም መድኃኒቱ አልሠራ ሲል ዶክተሩን አትክሰሱ።

አሁን ወደሚያስቀይመው ነገር ደረስኩ። ገበያ።

አንዷ ዶሮ ስትሞት የብዙዎቻችን የመጀመሪያ ሐሳብ ምንድን ነው? "ሳያልቁ እንሽጣቸው!" አይደለም እንዴ? እግራቸውን አሥረን ዘቅዝቀን ይዘን ገበያ እንወጣለን። ደህና የምትመስለዋን ዶሮ አንዱ ከደብረ ወርቅ የመጣ ይገዛታል፣ ሌላዋን ወደ ሞጣ የሚሄድ ነጋዴ በቅርጫት ይጭናታል፣ ሌላዋ በደጀን በኩል ዓባይን ትሻገራለች። በሽታው ከገባባት እስክታሳይ ከ2 እስከ 15 ቀን ሊወስድ ይችላል። ስትሸጥ ጤነኛ የምትመስለው ለዚያ ነው። ገዢው ቤቱ አድርሶ ከመንጋው ይቀላቅላታል። በሳምንቱ የሱም ዶሮዎች "ብርድ ይመታቸዋል"።

አቆጣጠሩንም አስተውሉ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ዶሮ የሚገዛ የለም፤ በየቤቱ ይበዛል፣ ይጨናነቃል። ፋሲካ ሲደርስ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከየገጠሩ ያለው ሁሉ አንድ ገበያ ላይ ይወጣል፤ የታመመው ከጤነኛው ጋር በአንድ ቅርጫት ያድራል። ያልተሸጠው ተመልሶ ቤቱ ይገባል፤ ያየውን ሁሉ ይዞ። ከዚያ ግንቦትና ሰኔ ይመጣል፣ እኛም ሰማዩን አይተን "ብርድ" እንላለን። ሰማዩ ምን አደረገ?

ይሄን ስናገር ከሰው በላይ ሆኜ አይደለም። እኔው ራሴ፣ ስንት ዓመት ያስተማርኩት ሰውዬ፣ ከሞጣ ስመለስ መንገድ ላይ ሦስት የሚያማምሩ ቄቦች አየሁና ገዛሁ። ማታ ደረስኩ። ደክሞኛል፣ ዝናብ ነው፣ ለብቻ የማሳድርበት ቤት አላሰናዳሁም። "ለአንድ ሌሊት ምን ይሆናል" ብዬ ከነባሮቹ ጋር አስገባኋቸው። በዘጠነኛው ቀን አውራው ሞተ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከ17ቱ ሁለት ቀረኝ። ባለቤቴ ምንም አላለችኝም። "ተማሪዎችህ ይሄን ቢሰሙ" ብቻ አለች። ይኸው አሁን ሰማችሁ። እውቀት አልጎደለኝም። የጎደለኝ አንዲት ቅርጫት ለብቻ ማስቀመጥ ነው።

የሞተውንስ የት ነው የምናደርገው? ሜዳ ላይ፣ ወንዝ ዳር። ውሻ ይጎትተዋል፣ ሌላ ግቢ ያደርሰዋል። የታመመችውን አርዶ ላባዋንና አንጀቷን ደጅ የሚደፋም አለ። ቫይረሱ በኩስና በላባ ላይ ይቆያል፣ በብርድ ወራት ደግሞ ይበልጥ ይቆያል። ለገዛ ጎረቤታችን ሞት እየደፋንለት ነው።

ክትባቱስ? ክትባቱ አለ። ሩቅ አገር አይደለም፤ ቢሾፍቱ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርተዋል። ለጫጩት ኤች ቢ ዋን፣ ቀጥሎ ላሶታ የሚባሉት የታወቁ ናቸው። ለገጠር ቤት የሚሻለው ደግሞ አይ ቱ የሚባለው ነው። ከሌሎቹ ይልቅ ሙቀት ይችላል። በአውስትራሊያ ተሠርቶ ለእንደኛ ዓይነቱ አገር ታስቦ የወጣ ነው። አንዲት ጠብታ ዐይኗ ላይ፣ በየሦስት አራት ወሩ መድገም፣ በቃ። መርፌ የለው፣ ምን የለው።

"ክትባት አስከትቤ ሞቱብኝ" የሚል አለ። እውነት ነው፣ ይሆናል። ምክንያቱን ግን ስሙኝ። አብዛኛው ሰው የሚያስከትበው የጎረቤቱ ዶሮ መሞት ሲጀምር ነው። ያኔ በሽታው ከእሱም ቤት ገብቷል። ክትባቱ ጋሻ እስኪሠራ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። በሽታው ይቀድመዋል። ከዚያ "ክትባቱ ገደለብኝ" ይባላል። ቤቱ መቃጠል ከጀመረ በኋላ ጉድጓድ እንደመቆፈር ነው። ሌላው ምክንያት ውሃው ነው። በመጠጥ ውሃ የሚሰጠውን ክትባት ውሃ አጋር በገባበት ወይም ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውሃ የበጠበጠ ሰው ክትባቱን ገድሎ ነው የሰጣቸው።

"ጠርሙሱ ለብዙ ዶሮ ነው፣ እኔ ያለኝ ሰባት ነው" የሚለው ግን ትክክለኛ ቅሬታ ነው። አንዴ ከተበጠበጠ ለነገ አይቆይም። ሰባት ዶሮ ያላት ሴት ለመቶ ዶሮ የሚሆን ክትባት ገዝታ የቀረውን ልትደፋው? አትገዛም፤ ልክም ናት። ግን እኛ እኮ ወንፈል የምናውቅ ሕዝብ ነን! ለአጨዳ እንሰበሰባለን፣ ለቤት ሥራ እንሰበሰባለን። አሥራ አምስት ቤት በአንድ ቀን ማለዳ፣ ዶሮዎቹ ከቆጥ ሳይወርዱ፣ አንድ ጠርሙስ ይዞ አንድ ሰው ቢዞር በሁለት ሰዓት ያልቃል። ወጪው ለየቤቱ ሲካፈል የአንድ ሲኒ ቡና እንኳ አይሆንም። ሴቶቹ ቡና ላይ ተነጋግረው ቀን ቢቆርጡ ይሄ ነገር ያለ ማንም በጀት ይሠራል።

"እኛ ምን አቅም አለን?" የምትሉ ካላችሁ ደስታን አስታውሱ። የከብቱን ደስታ ነው የምለው። በአያቶቻችን አፍ ክፉ ቀን የተባለው፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. አገሩን የጨረሰው ረሃብ አንዱ መነሻው ያ የከብት በሽታ ነበር። ዛሬ ደስታ የታለ? የለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ኢትዮጵያ ውስጥ መጨረሻ የተያዘው አፋር ነው። በ1980ዎቹ ሙቀት የሚችል ክትባት ተሰጥቷቸው፣ አርብቶ አደሮቹ ራሳቸው ሠልጥነው፣ መኪና የማይደርስበት ድረስ በእግራቸው ሄደው ከተቡ። መንገድ አልነበራቸውም፣ መብራት አልነበራቸውም። ደስታን ያጠፋው ክትባት ነው እንጂ ካፕሱል አይደለም። በረሃ ላይ ለበሬ የተቻለ ነገር በደጋ ለዶሮ የማይቻልበት ምክንያት ምንድን ነው?

ምክንያቱን እኔ ልንገራችሁ። ዶሮ የሴት ንብረት ስለሆነች ነው። በሬ ሲታመም ባልየው ሌሊት ተነስቶ ክሊኒክ ይሮጣል፣ ቀበሌው ይሰበሰባል፣ ዘመቻ ይወጣል። ሃያ ዶሮ ሲሞት "ዶሮ እኮ ናት" ይባላል። የጨው፣ የሳሙና፣ የደብተር ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ግን እያንዳንዱ ባል ያውቀዋል። በ2013 ዓ.ም. በወጣው የስታቲስቲክስ ጥናት በአገራችን ወደ 57 ሚሊዮን ዶሮ ነበር፤ ከአራት ሦስት እጅ በላይ የሚሆነው የአበሻ ዶሮ ነበር። ይሄ ሁሉ ሀብት ያለው በእናቶቻችን ቆጥ ላይ ነው።

ለእናንተ፣ በሙያው ላላችሁ ተማሪዎቼ ደግሞ ለብቻ አንድ ነገር አለኝ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሌማት ትሩፋት ስም ብዙ ጫጩት ወደየቤቱ ገብቷል። ሐሳቡ ደግ ነው፣ አልቃወምም። ግን ሪፖርታችሁ ላይ የምትጽፉት "ይህን ያህል ተሰራጨ" የሚለውን ነው። በስድስተኛው ወር ስንቱ በሕይወት አለ? ይሄን አምድ ማን ጨመረ? ጫጩቱ ስትመጣ የተከተበችው ክትባት ዕድሜ ልኳን አይጠብቃትም። ድጋሚው ቀን መቼ እንደሆነ ለባለቤቷ ያልነገራችሁ እንደሆነ ያደላችሁት ጫጩት ሳይሆን ሐዘን ነው። የሰዎቹ እምነት ደግሞ ከዶሮው ጋር ይሞታል፤ ሁለተኛ ስትመጡ በር አይከፍቱላችሁም።

ችግራችሁን አላውቅም አይደለም። መንገዱ ይዘጋል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ፍሪጁ ይሞቃል፣ በጀቱ አይደርስም። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ግን "ቴትራ ስጫቸው" ለማለት የሚበቃ ኔትወርክ ካለ "አዲሷን ለብቻ አሳድሪያት" ለማለትም ይበቃል። ዝም ብሎ ካፕሱል ማዘዝ ከመንገድ መዘጋት ጋር ምን አገናኘው?

እንግዲህ ማማረር ብቻ እንዳይሆን፣ ጎረቤቴ ወረቀት ላይ አስጽፋኝ በሯ ላይ የለጠፈችውን ለእናንተም ልጻፍላችሁ፦

1. አዲስ የመጣች ዶሮ፣ ከገበያ ሳትሸጥ የተመለሰችም ጭምር፣ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሳምንት ለብቻዋ ትደር። መጀመሪያ ነባሮቹን አብሉ፣ ከዚያ እሷን፤ እጃችሁንና ጫማችሁን ታጠቡ።

2. ወለሉ ደረቅ ይሁን። እብቅ ወይ ሰጋቱራ ቀይሩበት። ከጣሪያ ሥር አየር ይውጣበት። ሽታው ዐይን ካቃጠለ አልፏል፣ ዛሬውኑ ጥረጉ።

3. በሽታ ገባ ካላችሁ አትሽጡ፣ አትስጡ፣ አታዋሱ። ገዢም አይግባባችሁ። የሞተውን በጥልቅ ቅበሩ ወይም አቃጥሉ።

4. ክትባት በደህና ቀን ነው። ከሚያዝያ በፊትና ከመስከረም በፊት ጎረቤት ሰብስባችሁ አስከትቡ፤ የታመመውን አትክተቡ፣ ጤነኛውን ክተቡ።

5. የታመመ ካለ መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት ለባለሙያ አሳዩ። ባለሙያው ሳያይ ካፕሱል ካዘዘላችሁ "ቫይረስ ነው ባክቴሪያ?" ብላችሁ ጠይቁት። ካልመለሰ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።

"ድሃ ነን ጋሼ፣ የታመመችውን ሳንሸጥ ምን እንብላ?" የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ከሁሉም ጥያቄ የሚከብደኝ ይሄ ነው፤ ቀላል መልስ የለኝም። ግን የምትሸጥላት ሴትዮም ድሃ ናት። አንቺ ዛሬ አንድ ዶሮ አተረፍሽ፤ እሷ ነገ አሥራ አምስት አጣች። በተራው ደግሞ የሌላዋ በሽታ ወደ አንቺ ይመጣል። በዚህ ዓይነት ዙር ማንም አላተረፈም፤ ያተረፈው ፈንግል ብቻ ነው።

ጎረቤቴ አራቱን ዶሮዎች እስካሁን አልሸጠቻቸውም። ሰው እየመጣ ሲጠይቃት "የታመሙ ናቸው፣ ይቆዩ" ትላለች። ገንዘቡን እየፈለገችው ነው እንዲህ የምትለው። ባለፈው እሑድ ቡና ጠርታን ለመስከረም ገበያ ሳይደርስ ለክትባቱ ቀን እንቁረጥ ያለችውም እሷ ናት። ዘጠኝ ቤት ተስማምቷል። እኔ ጠርሙሱን ላመጣ ቃል ገብቻለሁ። በየሠፈራችሁ እንዲህ የምትጀምሩ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ ዐይኗ ላይ እንዴት እንደሚንጠባጠብ መጥቼ አሳያለሁ፣ መንገዱ ከፈቀደ።

የተቀየመኝ ይቅር ይበለኝ። ያልተቀየመኝ ሼር ያድርግልኝ፤ በተለይ እናቱ ዶሮ ያላት።

ቸር ይግጠመን።